ፈጣን እጅ፣ ክፍት አገጭ

ቦክስ ማሠልጠን ያቆምኩት በ2022 ሰመር መግቢያ ላይ ነው። ሰው «ምነው ጋሼ ሰይድ፣ ለምን ተዉት?» ሲለኝ ዓይኑን ጉልበቴ ላይ ጥሎ ነው። ጉልበቴ በእርግጥ አርጅቷል፤ በሪንጉ ገመድ መሐል ሾልኮ መግባት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖብኝ ነበር። ግን ጉልበቱ የከዳው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦም ያሠለጥናል። እኔ የተውኩት በአንዲት ልጅ ምክንያት ነው። ብሌን ትባላለች። የእሷን ነገር ለመናገር ከራሴ መጀመር አለብኝ፤ የደረሰባት ጉዳት እኔ ከተማርኩትና ካልተማርኩት ነገር የመጣ ነውና።

ተወልጄ ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። ጎረምሳ ሆኜ አዲስ አበባ ገባሁና አቃቂ አንድ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ፋብሪካው የቦክስ ክለብ ነበረው፤ አሠልጣኙ ሻምበል መኮንን የሚባሉ ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ። እኔ እጄ ዘገምተኛ ነበር። እግሬም እንደ እጄ። ሻምበል መኮንን ይህን ባዩ ጊዜ ሁለቱን ጓንቶች ጉንጬ ላይ አስለጥፈው፣ ክርኔን ከጎድኔ አጣብቀው፣ «አንተ ቤትህን ዘግተህ ነው የምትዋጋው» አሉኝ። መሐረባቸውን አጣጥፈው አገጬ ሥር ያስይዙኛል፤ ልምምዱ እስኪያልቅ መሐረቡ ከወደቀ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። በዚህ ዓይነት ማንም በቀላሉ የማይመታው ሰው ሆንኩ። ቻምፒዮን አልሆንኩም፤ ፊቴ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ ነው።

ሻምበል ማዕዘን ላይ አይጮኹም። በሁለት ዙር መሐል ቦክሰኛው በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ውኃ ያጠጡትና በመጀመሪያ «ምን ይታይሃል?» ብለው ይጠይቁታል። መልሱን ከሰሙ በኋላ አንዲት ነገር ብቻ ይነግሩታል። የተሸነፈን ልጅ ደግሞ ብቻውን ቤቱ አይሰዱትም። ክንዱን ይዘው እስከ ደጁ ያደርሱታል፤ ለእናቱ «ዛሬ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ» ይሏታል። እኔ ከሳቸው መሐረቡንና የተዘጋውን ቤት ወሰድኩ። ጥያቄውን እዚያው ትቼው መጣሁ።

አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ ከመጣሁ በኋላ መተዳደሪያዬ ሹፍርና ነበር። ጋሃና የሚባል የከተማዋ ዳርቻ በኩል ካለው የኤርፖርት ፓርኪንግ መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ እነዳለሁ። ማታ ማታ ደግሞ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቤዝመንት ውስጥ የሰፈሩን ልጆች ቦክስ አስተምር ጀመር፤ ፓስተሩ እስላም መሆኔን ሲሰማ ስቆ «ቡጢ ሃይማኖት የለውም» አለኝ። ቀጥሎ በጎማ መሸጫና በልብስ ማጠቢያ ቤት መሐል የተሸጎጠ አንድ ጂም ባለቤት አየኝና «ከነገ ጀምሮ እኔ ጋ ና» አለኝ። የሚከፍለኝ ከቤንዚን ብዙም አያልፍም ነበር፤ ለገንዘቡ ብዬም አልገባሁበትም። እዚያ «ኮች ሰይድ» ተባልኩ።

ያሳሳተኝ ድል የመጣው በዚያ ጂም ነው። ግሮቭ ሲቲ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ የሚጭን አንድ ከባድ ሰው ነበር፤ እንደ እኔው ዘገምተኛ። ቤቱን አዘጋሁለት። መሐረብ አስያዝኩት። የኦሃዮን ውድድር አሸነፈ፤ ፎቶአችን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ለሚመጣ ሁሉ መድኃኒቱ በእጄ ያለ ይመስለኝ ጀመር። ለሆድ ቁርጠትም ለጥርስ ሕመምም አንድ ዓይነት ክኒን እንደሚሰጥ ሰው ሆንኩ።

ብሌን በ2020 ሰመር፣ ጂሙ ከኮቪድ መዘጋት በኋላ በማስክ ሲከፈት መጣች። ዎርዝንግተን ውስጥ ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነርሲንግ ኤይድ ናት፤ ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ከአልጋ ታነሣለች። በዚያ ወራት የምትንከባከባቸው ሰዎች ተራ በተራ ይሞቱ ነበር። «ጋሼ፣ የሆነ ነገር ካልመታሁ አብዳለሁ» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

የአሸዋውን ጆንያ እንድትመታ ፈቀድኩላት። በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት እጅ አይቼ አላውቅም። እጇ ሲሄድ አይታይም፤ ጆንያው ላይ ሲያርፍ ብቻ ይሰማል። እግሯም ከእጇ ጋር ይናበባል፤ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ወለሉ የሚያቃጥላት ይመስላል። ረዳቴ ዴኒስ፣ የትምህርት ቤት ባስ የምትነዳ የቀድሞ ቦክሰኛ፣ የያዘችውን ገመድ ጥላ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

ጉድለቷን ያየነው ሰው ፊት ስትቆም ነው። ብሌን ቀኟን ስትልክ ግራዋ ወደ ዳሌዋ ትወርዳለች። መታ ስታበቃ ደግሞ በመጣችበት መስመር ወደ ኋላዋ ቀጥ ብላ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ትሸሻለች። አንዳንዴም ጭራሽ አትሸሽም፤ አራት አምስት ጊዜ ትመታና የሠራችውን ለማየት ቆም ትላለች። ያን ጊዜ ባላጋራዋ ዓይኗን ጨፍና ብትወረውር እንኳ ታገኛታለች። ፍጥነቷ ያስገባታል፤ ሲያስወጣት ግን በሩ ላይ ትመታለች።

በ2021 ስፕሪንግ፣ በልምምድ ግጥሚያ አፍንጫዋን ተመታች። ደም ጂሙ ወለል ላይ ነጠበ። በሳምንቱ እናቷ እትዬ ጸዳለ መኪናቸውን ደጅ አቁመው መጡ። በአማርኛ ቸርች ውስጥ የጸሎት ቡድን የሚመሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ውስጥ አልገቡም፤ በሩ ላይ ቆመው፣ «ጋሼ ሰይድ፣ እኔ ይሄን ነገር አልወደድኩትም። ተይ ብላት አልሰማ አለችኝ» አሉ።

«ልጅዎ ተሰጥኦ አላት» አልኩ።

«ስለ ተሰጥኦዋ አልጠየቅኩዎትም። ሐበሻ ነዎት፣ ትልቅ ሰው ነዎት። አደራ ልስጥዎት ነው የመጣሁት።»

«አደራው ደርሶኛል» አልኩ። ያን ጊዜ ከልቤ ነበር።

በዚያው ቀን ብሌንን ሪንግ ውስጥ አቆምኳትና ቤቷን መዝጋት ጀመርኩ። ጓንቶችሽን ጉንጭሽ ላይ። ክርን ወደ ውስጥ። መሐረብ አገጭ ሥር። ዝላዩ ቀረ። ወለሉ ላይ ቆመሽ ጠብቂ፣ ትምጣ፣ ጓንትሽ ላይ ታርፍ፣ ከዚያ መልሺ።

ዴኒስ ለሁለት ሳምንት ያህል ከዳር ሆና አየች። ከዚያ ቢሮ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ኮች፣ ልጅቷ የምትመታው ስትገባ አይደለም። ስትወጣ ነው። አወጣጥ አስተምራት እንጂ እግሯን አትቸንክረው።»

«መጀመሪያ አለመመታት ትማር።»

«እግሯ እኮ ነው መከላከያዋ። እሱን ከወሰድክባት ምን ቀራት?»

«ዴኒስ፣ እኔ ጓንት ሳጠልቅ አንቺ አልተወለድሽም» አልኳት።

ፊቷ አልተለወጠም። «እሺ» ብላ ወጣች። ያቺ «እሺ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች።

አሁን ላይ ሆኜ ሳየው ነገሩ ግልጽ ነው። ፍጥነት የሚወለደው ከላላ ትከሻ ነው። ጓንትን ጉንጭ ላይ አጥብቆ የያዘ ሰው ትከሻው ይደርቃል፤ የደረቀ ትከሻ የሚልከው እጅ ደግሞ ይዘገያል። ብሌን በራሷ ጊዜ ስትጀምር ነበር ፈጣን፤ እኔ የሌላውን ሰው እጅ እንድትጠብቅ አደረግኳት። ጓንቶቿ ፊቷን ሲሸፍኑ ዓይኗንም ሸፈኑት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው የሷ ተረት አይደለም፤ የእኔ ነው። ብሌን ግን አንድም ቀን እንቢ አላለችኝም። ከሺፍት ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ትመጣና መሐረቡን ራሷ አጣጥፋ አገጯ ሥር ትይዛለች።

ግጥሚያው በ2021 ፎል ላይ፣ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከጋሃና ወዲያ በአንድ አዳራሽ ነበር። ባላጋራዋ ከክሊቭላንድ የመጣች አጠር ደንደን ያለች ልጅ ናት። ሐበሻ ወጣቶች ስልካቸውን ከፍ አድርገው አንዱን ጎን ሞልተውታል፤ «ብሌን! ብሌን!» ይላሉ። ማዕዘኑ ላይ እኔና ዴኒስ ነን። ፎጣው ዴኒስ እጅ ነው። በእኛ ሥራ ፎጣ ወደ ሪንጉ መወርወር ማለት «በቃን፣ ግጥሚያው ይቁም» ማለት ነው።

የመጀመሪያው ዙር እኔ እንዳስተማርኳት ሄደ። ብሌን ቆመች፣ ዘጋች፣ ተቀበለች። የክሊቭላንዷ ልጅ ጓንቶቹን እንደ በር ስታንኳኳ ቆይታ ወደ ሆዷ ወረደች። ብሌን መልሳ የላከችው ጥቂት ነበር፤ የላከችውም የቀድሞው እጇ አልነበረም።

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ዴኒስ ውኃ ስትሰጣት ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ አይታየኝም።»

«ምኑ?»

«ከየት እንደምትመጣ አይታየኝም። እግሬን ልጠቀም? ፕሊስ።»

«እጅሽን እንዳታወርጂ! እጅሽን ብቻ እንዳታወርጂ!» አልኩ፤ ጮኼ። ሻምበል መኮንን ጠይቀው የሚሰሙትን ነገር ብሌን ሳልጠይቃት ራሷ ነገረችኝ፤ እኔ አልሰማኋትም።

በሁለተኛው ዙር ጉበቷ ላይ ተመታች። ሆዱ የተመታ ሰው ክርኑ ሳያዘው ይወርዳል። ክርኗ ሲወርድ ከጎን የመጣ ምት አገጯን አገኘውና በጉልበቷ ተንበረከከች። ዳኛው መቁጠር ጀመረ። ብሌን ተነሣች፤ ግን ዓይኖቿ የሚያዩት ዳኛውን አልነበረም። ዴኒስ ፎጣውን ከፍ አደረገች።

የእጇን አንጓ ያዝኩት።

«ቆይ! ተነሥታለች!»

ለምን እንደያዝኩት አውቃለሁ። ያ ሁሉ ስልክ ወደኛ ዞሮ ነበር። የእኔ ልጅ በሁለተኛው ዙር፣ በሐበሻ ሁሉ ፊት፣ በፎጣ ስትወጣ ታየኝ። ስለ አገጯ አይደለም ያሰብኩት። ስለ ስሜ ነው ያሰብኩት።

ዳኛው ጓንቶቿን ጠርጎ አስቀጠላት። ቀጣዩ ምት ሲያርፍ ድምፁን ከማዕዘኑ ሰማሁት። ብሌን በጎኗ ወደቀች፤ ዳኛው ሳይቆጥር እጁን አወናጨፈ። ዴኒስ እኔን ገፍትራ ገባች። ብሌን ስትነሣ ልትናገር ሞከረች፤ መንጋጋዋ አልተከፈተላትም።

ሆስፒታሉ በኮቪድ ምክንያት የሚያስገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እትዬ ጸዳለ ገቡ። እኔ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሻምበል መኮንን ቢሆኑ በሩ ላይ ቆመው «ዛሬ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። እኔ መሪውን ይዤ ቁጭ አልኩ። እትዬ ጸዳለ ሲወጡ አይተውኝ ወደ መኪናዬ መጡና መስኮቱን አንኳኩ። ከፈትኩት።

«መንጋጋዋ ተሰንጥቋል። በሽቦ ያስሩታል አሉ። በስትሮ ነው የምትመገበው።»

«እትዬ ጸዳለ…» አልኩ።

«መናገር ስለማትችል ስልኳ ላይ ጽፋ አሳየችኝ። ‹ጋሼን እንዳትቆጪው› ይላል።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እኔም አልቆጣዎትም። ብርድ ነው፤ ቤትዎ ይግቡ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

በስልክ የተቀረጸው ቪዲዮ እስከ ሰኞ ሁሉም ጋ ደርሶ ነበር። እኔ ያየሁት አንድ ሹፌር የሥራ ባልደረባዬ «ይሄ አንተ አይደለህም?» ብሎ ሲያሳየኝ ነው። የሚሰማው የእኔ ጩኸት ነው። የሚታየው ደግሞ የዴኒስ ክንድ ወደ ላይ ሲሄድ፣ የእኔ እጅ ደግሞ ይዞ ሲያስቀረው ነው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጫማዬን ሳጠልቅ አንድ የወሎ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ለክፋት ሳይሆን እንዲያው ገርሞት፣ «ጋሼ፣ ያቺ ሴትዮ ምን ልትወረውር ነበር?» አለኝ። ጫማዬ ላይ እንዳቀረቀርኩ «ፎጣ» አልኩት። «እርስዎስ ለምን ያዟት?» አለ። ማሠሪያውን ደጋግሜ አሠርኩት፣ ፈታሁት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ጁምዓ የምሰግደው ሰው ወደማያውቀኝ ሌላ መስጊድ እየሄድኩ ነበር።

ጂም ሄጄ ቢሮ ውስጥ ዴኒስን አገኘኋት።

«ብሌን ከተመለሰች አንቺ ያዣት» አልኳት።

«አንተስ?»

«እኔ በቃኝ።»

«ሰብሮ መሄድ ቀላል ነው፣ ኮች። ቡጢ የሚያርፍበትን ፓድ ያዝና ቁም። ሥራውን እይ።»

ትመለሳለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። በ2022 መጀመሪያ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድላት፣ ከስታና ጸጉሯን አሳጥራ መጣች። ስታየኝ እንደ ድሮው ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። እናቷ እንዴት እንደፈቀዱላት ስጠይቃት «አልፈቀደችም፤ ጸለየች» አለችኝ።

ዴኒስ የሠራችውን ሥራ በዝርዝር መንገር አለብኝ፤ እኔ በዚያ ዕድሜዬ የተማርኩት እሱን ነው። ፍጥነቷን አልነካችባትም። ወለሉ ላይ በፕላስተር አንድ መስመር አሰመረችና ጫፉ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት አጫጭር መስመሮች ጨመረችበት። «በዚህ ትገቢያለሽ፤ በነዚህ ትወጫለሽ። በገባሽበት በር አትውጪ» አለቻት። ብሌን ሁለት ትመታለች፣ ወደ ጎን ትወጣለች። ሁለት ብቻ። ከሁለት በላይ ያለውን እንድትረሳ አደረገቻት፤ ሰው የሚመታት ሦስተኛውን ልትጨምር ስትስገበገብ ነበርና። ወደ ጎን ስትወጣ ደግሞ ባዶ እጇን አትወጣም፤ ጃብ፣ ማለትም በፊት እጇ ቀጥ ያለች ምት፣ ትታ ትሄዳለች። በሩን እንደ መዝጋት ነው።

አንዱ እጅ ሲሄድ ሌላው ጉንጭ አጠገብ ይጠብቃል፤ እኔ እንዳደረግኩት ተለጥፎ ሳይሆን ላላ ብሎ፣ ዓይን ሳይሸፍን። አገጭ ከትከሻ ጀርባ ይደበቃል። ሌላም ነገር አለ፤ እኔ ፈጽሞ ያላሰብኩት። ሁሉንም ምት በሙሉ ፍጥነት እንዳትልክ ከለከለቻት። «ሁሌ ፈጣን ከሆንሽ ይለምዱሻል። አንዷን ቀስ አድርገሽ ላኪ፤ ያን ጊዜ ቀጣይዋን አያዩዋትም።» የእኔ ሥራ ረጅም የስፖንጅ ዱላ ይዞ መቆም ነበር። ብሌን መታ ስታበቃ ቆም ካለች ጭንቅላቷን እነካታለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ሁልጊዜ እነካት ነበር። ማርች ላይ ዱላዬ አየር መምታት ጀመረ።

አንድ ቀን ልምምድ ስንጨርስ ብሌን ጓንት ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ አንዴ አጥልቀው» አለችኝ። አጠለቅኩ። «አሁን እንዳስተማርከኝ ቁም።» ጓንቶቼን ጉንጬ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። በስሱ፣ በጣት እንደመንካት፣ ከግራ ነካችኝ። ዞርኩ፤ የለችም። ከቀኝ ነካችኝ። ድምፅዋን እሰማለሁ፣ እሷን አላያትም። ከፊቴ ያለው የራሴ ጓንት ቆዳ ብቻ ነው።

«ይታይሃል?»

«አይታየኝም» አልኩ።

«ይሄንን ነበር ያልኩህ» አለችና ጓንቱን እየፈታች አወለቀችልኝ። ቁጣ አልነበረባትም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜበት የኖርኩት ቦታ ያን ያህል ጨለማ መሆኑን አላውቅም ነበር። ያኔ ዘገምተኛ ለነበርኩት ለእኔ የሚሆን ሌላ ቤት አልነበረም። እሷ ግን ቤት አያስፈልጋትም ነበር።

ሜይ ላይ ተጋጠመች። ማዕዘኑን የያዘችው ዴኒስ ናት፤ እኔ ባልዲና ውኃ ያዥ ነኝ። ብሌን ገባች፣ ሁለት መታች፣ በጎን ወጣች። ባላጋራዋ ስትዞር እሷ ሌላ ቦታ ናት። ሁለተኛው ዙር ላይ አንዴ ብቻ ቆም ብላ ግንባሯን ተነካች፤ በርጩማው ላይ ስትቀመጥ ዴኒስ «ምን ታየሽ?» አለቻት። ባልዲውን ይዤ ክው አልኩ። ብሌን «ቀኟ ሲመጣ ግራ እግሯ ይቀድማል» አለች። «ስለዚህ እግሯን እይ» አለች ዴኒስ፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ብሌን በሁሉም ዳኞች ነጥብ አሸነፈች። ፊቷ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምናልባት ዛሬም ባልዲ ይዤ ቆሜ ነበር። ሐበሻዎቹ ሪንጉን ከበቡት። አንድ ስልክ የያዘ ወጣት ትከሻዬን አቅፎ ወደ ካሜራው አዞረኝና፣ «አሠልጣኟ ጋሼ ሰይድ እነሆ! ባለፈው ብዙ ተብሎባቸው ነበር፤ ዛሬ አሳዩን! ጋሼ፣ ሚስጥሩ ምንድነው?» አለ። ዴኒስ ከኋላዬ ጎንበስ ብላ እርጥብ ፎጣዎች ትሰበስባለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ልፋት ነው» አልኩ። ደግሞም ፈገግ አልኩ።

ጥርሴን እንደገለጥኩ ብሌንን አየኋት። ገመዱ ላይ ተደግፋ ትሰማኝ ነበር።

ቤቷ ሳደርሳት መኪና ውስጥ ወደ መስኮቱ ዞራ ተቀመጠች። ከዚያ በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ሲከፋት በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው። «የዴኒስን ስም መጥራት ብቻ ነበር» አለች። ስትወርድ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ሰኞ ዴኒስ ጋ ሄጄ የሆነውን ነገርኳትና የጂሙን ቁልፍ ሰጠኋት። «አማርኛ ባልችልም ካሜራው ወዴት እንደዞረ አይቻለሁ» አለች። ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ቆይ አላለችኝም። እኔም እንድትለኝ አልጠበቅኩም።

በሳምንቱ እትዬ ጸዳለ ኮል አደረጉልኝ። «ልጄን የያዘቻት ሌላ ሴት ናት አለችኝ ብሌን። እስከ ዛሬ እንዴት ሳላውቃት? እሁድ ከቸርች በኋላ ይዘዋት ይምጡ፤ ምሳ እንብላ።»

ሄድን። ዴኒስ ኬክ ይዛ፣ እኔ ባዶ እጄን እንዳልሆን ብርቱካን ይዤ። አራት ሆነን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። እትዬ ጸዳለ ጸለዩና ዴኒስን ትኩር ብለው አዩ። እንግሊዝኛ ለሥራ ያህል ያውቃሉ፤ ይህን ግን በአማርኛ ሊናገሩ ፈለጉ። ብሌን ልትተረጉም አፏን ስትከፍት በእጃቸው አስቆሟት።

«አንቺ ተይው። እሳቸው ይተርጉሙልኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄን ስለያዝሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በሏት።»

ተረጎምኩ። ዴኒስ አንገቷን ነቀነቀች።

«ቪዲዮውን አይቻለሁ በሏት። ደጋግሜ ነው ያየሁት። ልጄ ስትወድቅ ፎጣውን አንሥታ እንደነበር አይቻለሁ። እጇን እንደያዙባትም አይቻለሁ በሏት።»

ውኃ ጠጣሁ። በእንግሊዝኛ፣ «ፎጣውን አንሥተሽ እንደነበር አይታለች፤ አንድ ሰው እጅሽን እንደያዘም አይታለች ትላለች» አልኩ።

ብሌን ከሳህኗ ቀና ሳትል፣ «እማ ‹አንድ ሰው› አላለችም» አለች።

ዴኒስን አየኋት። «እኔ እጅሽን እንደያዝኩ አይታለች» አልኩ። በየትኛውም ቋንቋ እንደዚያ ዓይነት ከባድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

ዴኒስ ሁለቱን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አደረገችና አየቻቸው። «የያዝከው ቀኜን ነበር፣ ኮች» አለች። «ግራዬ ባዶ ነበር። ፎጣውን ተቀብሎ መወርወር ይችል ነበር። እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ይሄንንም ንገራት።»

ነገርኳቸው። እትዬ ጸዳለ ሁለታችንንም አንድ በአንድ አዩን። ዓይናቸው ውኃ ሞላ፤ አልፈሰሰም። ጭልፋውን አንሥተው መጀመሪያ ለዴኒስ፣ ቀጥሎ ለእኔ አወጡ። እጄ ወደ ሳህኑ አልሄድ ሲለኝ አይተው፣ «ይብሉ እንጂ። ሥጋውን ከሶማሌዎቹ ሱቅ ነው የገዛሁት፤ ሐላል ነው» አሉኝ።

ቢስሚላህ ብዬ ጎረስኩ።